ውሃ የማይወደው የአባባ እግር

ባለፈው ሰሞን የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ ሰፈራችን ላለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩለት። ልጁ አዲስ ቆዳ ቆርጦ ሙጫ ሲቀባው ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ።

«እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ጫማ ሰፊ ነበሩ?»

«ኧረ መሪጌታ ነበር!»

ልጁ ግራ ገብቶት ሥራውን ቀጠለ። አልፈረድኩበትም። ለሌላው ሰው የቆዳና የሙጫ ሽታ የጫማ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የእግር ሽታ ነው፤ አባባ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው እግር ሽታ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ላሊበላ ነው፤ ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። አባባ የቤተ ማርያም መሪጌታ ነበር። ማኅሌት ሲቆም ዜማውን የሚመራው፣ ሌላው ሲሳሳት በዓይኑ የሚቆጣው እሱ ነው። አገሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል። እማዬ እንኳ ሰው ባለበት አንቱ ትለዋለች፤ ሰው ሲሄድ ወደ አንተ ትመለሳለች። እኔ አንድ ልጁ ነኝና ሰው ኖረም አልኖረም አንተ ነበር የምለው፤ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

«ድምፅስ ሌላም አለ፤ እንደ መሪጌታ የሚቆም ግን የለም» ይሉ ነበር። መቆም ሲሉ ዝም ብሎ መቆም አይምሰላችሁ። በአንድ እጅ መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል ይዞ፣ ከበሮው በዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ ከእግር ጣት ተነሥቶ ወዲህና ወዲያ መዝመም ነው። በተለይ በገና! የገና ዕለት ካህናቱ ግማሹ ታች ግቢው ውስጥ፣ ግማሹ ላይ በዓለቱ ጠርዝ ዙሪያ ይሰለፉና እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የአባባ ቦታ ላይ ጠርዙ ላይ፣ ከመካከል ነበር። እኔ ከልጆቹ ጋር ሆኜ «ያ የኔ አባት ነው!» እያልኩ ስጠቁም ጣቴ ይደክመኝ ነበር።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው እግሩን ያጣው። ቀበሌው ሰውን ሁሉ ለእርከን ሥራ ዳገት አውጥቶ ነበር፤ መሪጌታ ገበሬ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ይወጣል። ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ ተንከባሎ ቁርጭምጭሚቱን አደቀቀው። እማዬ አሸች፣ ወጌሻ መጣ፣ ጠበል ተጠመቀ፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ። በቃሬዛ ተሸክመው፣ መኪና ለምነው ደሴ አደረሱት። እዚያ ከጉልበቱ በታች ቆረጡትና ነፍሱን አተረፉለት። ለእነዚያ ሐኪሞች እማዬ እስክትሞት ድረስ በስማቸው ባታውቃቸውም ትጸልይላቸው ነበር።

በሁለት ክራንች ተመለሰ። ድምፁ አልተነካ፣ ትምህርቱ አልተነካ። እጁ ነበር የጠፋበት። አዎ፣ እጁ! ሁለቱም እጆቹ ክራንች ይዘዋል፤ መቋሚያውን በምን ይያዘው? ጸናጽሉንስ? ካህናቱ ለማጽናናት ብለው «ተቀምጠው ይምሩን፣ መሪጌታ» አሉት።

«ተቀምጦ የሚዘምም የት አያችሁ?» አላቸውና ቤቱ ገባ።

የዚያን ዓመት ገና ከቤት አልወጣም። ከበሮው እስከ ቤታችን ድረስ ይሰማል። አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጋቢው ውስጥ ግን አንዱ እግሩ ምቱን ይከተል ነበር። አየሁት። እማዬም አይታው ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

በሚቀጥለው ክረምት ደሴ ያከሙት ሰዎች መልእክት ላኩበት፤ አዲስ አበባ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩበት ቤት አለ፣ ይሂድ ተባለ። ሄደ።

እኔ ምን አስብ እንደነበር ብነግራችሁ! ለአባባ እግር የሚሰጡት ከአንድ ሰው ወስደው መሰለኝ። ሌላ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ትልቅ አገር ነው፤ ያለ እግር የተቀመጠ አንድ ሰውዬ አይጠፋም፣ ልጁም ደጃፍ ላይ ሆና ታለቅሳለች። አባባ እግር እንዲያገኝ እጸልያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሰውዬ እንዳያጣ እጸልያለሁ። ማርያም በሁለቱ መካከል ተቸግራ ይሆናል እያልኩ እሷንም አዝንላት ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት ላይ መጣ። እስከ ጋሸና በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ። ከበቅሎው ሲወርድ ሁለት ጫማ መሬት ረገጠ። ሁለት! ጎረቤቱ እልል አለ። አባባ መቋሚያውን ብቻ ተደግፎ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገደ ቢሆንም በገዛ እግሩ በራችን ገባ። እኔ ዘልዬ መጠምጠም ትቼ ያንን እግር አያለሁ።

በአገራችን ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩ ይታጠባል። እማዬ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አምጥታ ተንበረከከች። አንደኛውን ጫማ አወለቀች፣ አጠበች፣ አሸች፣ እንደ ወጉ ሳመችው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞረች። ጫማውን ስታወልቀው ጣቶቹ ያልተለያዩ የጎማ እግር ብቅ አለ። የሱሪውን ጫፍ ገለጥ ብታደርገው የተቦረቦረና የተላገ እንጨት፤ ከጉልበቱ ግራና ቀኝ ብረት፤ ከዚያ በላይ ጭኑን አቅፎ በማሰሪያ የሚጠብቅ ቆዳ። የቆዳውና የሙጫው ሽታ ቤቱን ሞላው። እማዬ ውሃውን በእጇ እንደጨለፈች ቀረች።

«እሱን ተይው፤ ውሃ አይወድም» አላት አባባ። ድምፁ ቀልድ ነበር፣ ፊቱ ግን ቀልድ አልነበረም። የሚስቱን ፊት ነበር የሚያየው።

እማዬ ውሃውን አፈሰሰች። በነጠላዋ ጫፍ ያንን ጎማ ከአቧራው ጠረገችው፤ ዝቅ ብላም እንደ ሌላኛው ሳመችው። አባባ ራሱን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ «እግዜር ይስጥሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ እግር በቤታችን ያፈረ ሰው የለም። እናቴን ለብዙ ነገር አመሰግናታለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ለዚያች ስሞሽ ነው።

እኔ ግን ጥያቄዬ አላስቀምጥ አለኝ። «አባባ፣ ጥፍር የለውም?»

«የለውም።»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

ጉዴን ስናገር እማዬ በሳቅ ፈነዳች። አባባ አልሳቀም። አቅፎኝ «እንዲህ ያለ ሰውዬ የለም፣ ልጄ። አንድ የተባረከ ሰው ከዛፍ ላይ ጠርቦ ነው የሠራልኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፉን ማሰብ ጀመርኩ፤ ለዛፍ ማዘን ግን ይቀላል።

ሰው ለማየት ይጎርፍ ጀመር። አንዱ በጣቱ ያንኳኳዋል፣ አንዱ «ብርድ ይሰማዎታል?» ይላል፣ አንዲት አሮጊት «ሲበላዎትስ ምኑን ያካሉ?» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጣ።

«ጓድ መሪጌታ፣ ይቺን እግር ስብሰባ ላይ ቆመው ቢያሳዩልን፤ የአብዮቱ ፍሬ ናት።»

«ለማኅሌት ያልቆመ እግር ለስብሰባ አይቆምም» አለው አባባ።

እማዬ የምትገባበት ጠፋት። ሊቀመንበሩ ግን ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ማኅሌት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

እግሩን መልበስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የተቆረጠው ጫፍ ይቆስላል፣ ይላጣል። እማዬ የበግ ጠጉር ፈትላ እንደ ካልሲ ያለ ነገር ሠራችለት፤ እሱን አጥልቆ ነው እንጨቱ ውስጥ የሚያስገባው። ጠዋት ጠዋት ማሰሪያውን ስቦ ማጥበቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ጭኑን ባጠብቅበትም «አይዞሽ፣ ጥሩ ነው» ይለኛል። ቀስ በቀስ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። «እንግዲህ ለገና እቆማለሁ» ማለትም ጀመረ። ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረም፦ ለገና ይቆማል፣ አይቆምም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰች። ለሙከራ ብሎ ነጭ ለብሶ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ወጣ። እኔና እማዬ ከኋላ ከኋላ። ከቅጥሩ በር ላይ እንደ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን አወለቀ። በሩን የሚጠብቁት አያ ደምሴ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት!» ብለው ጉልበቱን ሳሙት። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ወደ ኋላው ወደቀ። ሰው ሲደናቀፍ ወደ ፊት አይደል የሚወድቀው? አባባ የሆነ ሰው ደረቱን የገፋው ይመስል በጀርባው ዘጭ አለ። ጥምጥሙ ተፈታ፤ ጸናጽሉ ዓለቱ ላይ እየተንሿሿ ሄደ። ሰው ሁሉ «እመቤቴን!» ብሎ ጮኸ። አንስተውት እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደ ኋላው። ያን ቀን በሁለት ሰው ተደግፎ ቤቱ ገባ። እኔ ደግሞ ማርያም የእንጨት እግር ጠልታ የገፋችው መስሎኝ፣ እሷን ተቀይሜ ሰላምታ ከለከልኳት።

ምክንያቱን ያገኘው ራሱ አባባ ነው። ማግስቱን እቤት ተቀምጦ እግሩን ጫማ ያደርግለታል፣ ያወልቅለታል፤ ያደርግለታል፣ ያወልቅለታል። በመጨረሻ ጭኑን ጠፍ አድርጎ መታ።

«ወይኔ ሞኙ! ያ የሠራልኝ ሰው ‹ያለ ጫማ እንዳይሄዱበት› ብሎኝ ነበር እኮ። እኔ ለድንጋዩ መስሎኝ ‹እሺ ጌታዬ› ብዬው መጣሁ።»

ለካስ እግሩ የተሠራው ከጫማው ተረከዝ ጋር ተለክቶ ኖሯል። ተረከዙ ከሥሩ ሲወጣ እግሩ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የተሸከመውንም ሰውዬ ይዞት ይሄዳል። ሠሪው ምን አጠፋ? አባባ ሥራው ምን እንደሆነ አልነገረውም፤ ጊዜው ‹የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነኝ› እያሉ በየደረሱበት የሚያወሩበት አልነበረም። ቢነግረው ኖሮ ለባዶ እግር ለክቶ ይሠራለት ነበር። አሁን አዲስ አበባ መመለስ ደግሞ አይታሰብም፤ መንገዱ ወታደር የሞላው፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም የማይንቀሳቀስበት፣ ገናም ደጃፍ ላይ የደረሰ።

ሰው አዘነለት። «እንጨት ጫማ ቢያደርግ ምን ኃጢአት አለው? ከነጫማዎ ይግቡ» አሉት።

«እስከ ዛሬ ጫማ አድርጌ ያልረገጥኩትን ምድር አሁን ጎደሎ ሆኜ በጫማ ልርገጠው? አላደርገውም» አለ። ግትርነቱን እማዬ ስለምታውቅ አልተከራከረችውም።

ወይራ ፈልጦ ሽብልቅ ጠረበ፤ ከጎማው ተረከዝ ሥር የሚገባ ትንሽ እንጨት። በጠፍር አሠረው። ቆመበት፤ ወደ ፊት ደፋው። ላጠው። ቆመበት፤ ወደ ኋላ ሳበው። ሌላ ጠረበ። እንዲህ ሲል ሰነበተና አንድ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘረጋቸውና ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። አልወደቀም። ሽብልቁን በምስማር መታው።

ከቤታችን ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ዓለት የማኅሌት ቦታው ሆነ። ከበሮ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም፤ እኔ የውሃ ጀሪካን ገልብጬ እመታለሁ። እማዬ ምስር እየለቀመች ትከታተላለች። ሴት ልጅ ማኅሌት አትቆም እንጂ ጆሮዋን ማን ከለከላት? ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ነው።

«ቀኝህ ዘገየች፣ መሪጌታ።»

«ዝም በይ፣ ምስርሽን ልቀሚ።»

«ዘገየች ነው የምልህ።»

ይቆጣና ይደግመዋል። ሲደግመው አይዘገይም። እንጨቱ እግር ዓለቱን ሲነካ ኳ ይላል፣ ሥጋው ድምፅ የለውም፤ አባባ ይህቺን ኳ ለማጥፋት ደከመ። ቀስ አድርጎ ማሳረፍን ተማረ። ቁስሉ ደም ያሳየበትም ቀን ነበር፤ እማዬ ካልሲውን አጥባ ስትዘረጋው ውሃው ቀላ ብሎ ይወርዳል፣ እኛም ስለሱ አናወራም።

ለገብርኤል በዓል እንደገና ወደ ቅጥሩ ሄደ። ጫማዎቹን እቤት ትቶ፣ በባዶ እግሩ። አያ ደምሴ ከበሩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«መሪጌታ፣ ይማሩኝ... ይቺ ተረከዝ ምንድን ናት?»

«እንጨት ናት።»

«ጎማ፣ ከሥሩ ተረከዝ፣ ከላዩ ቆዳና ማሰሪያ። ይሄ እኮ ጫማ ነው! በዚህ በር ባርባሶ አላስገባሁም፤ ከባርባሶ በምን ይለያል?»

አያ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ባለፈው ጉልበት የሳሙትም እሳቸው ናቸው። በሩ ግን ሥራቸው ነው። አባባ ሊቆጣ ብሎ ነገሩ እውነት መሰለው። እኔም መሰለኝ፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ጫማ የማስርለት እኔ አይደለሁ? ሰው ከበበን። ግማሹ እግር ነው አለ፣ ግማሹ ጫማ ነው አለ። አባባ ከሁለቱ መካከል መቋሚያውን ተደግፎ አንገቱን ደፋ። «አለቃ ይፍረዱ። ጫማ ነው ካሉ አልገባም» አለ። የዚያን ቀን ድምፁን ያህል ያስፈራኝ ነገር የለም። ጫማ ነው ከተባለ፣ ያ ሁሉ ድካም ለጓሮ ዓለት ብቻ ሊቀር ነው።

አለቃ የደብሩ ኃላፊ ናቸው፤ ከረጅምነታቸውና ከዝምታቸው የተነሣ ልጆች በሩቅ የምንሸሻቸው። መጡ። ሁለቱንም ወገን አዳመጡ። ከዚያ ዝቅ ብለው የአባባን እንጨት በእጃቸው ዳሰሱት፤ ሽብልቁን ነካኩ።

«ደምሴ፣ ሰው እዚህ በር ላይ ጫማ የሚያወልቀው ለምንድን ነው?»

«ምድሩ ቅዱስ ነዋ፣ አባቴ። በእግሩ እንዲረግጠው።»

«መሪጌታ ይህን ምድር የሚረግጡበት ሌላ ቀኝ እግር አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያስ ይሄው ነው እግራቸው። ተረከዙም ተረከዛቸው ነው። ጫማቸውን እቤት ትተው መጥተዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያውልቁ?»

አያ ደምሴ ከበሩ ገለል ብለው «ይግቡ፣ ጌታዬ። እኔም ሸክሜ ቀለለኝ» አሉ። አለቃ መስቀላቸውን አውጥተው ግራውን እግር ባረኩ፣ ቀኙንም ባረኩ። ጠበል ሊረጩ ሲሉ ነው እኔ ሳላስበው የጮኽኩት፦ «አባቴ፣ ውሃ አይወድም!» አለቃ ዞር ብለው አዩኝ። በሕይወቴ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ጠብታ ብቻ ረጩት።

ገና ሆነ። ከየአገሩ የመጣው ሰው ኮረብታውን ሞልቶታል። እማዬ እጄን አጥብቃ ይዛ ከሕዝቡ መካከል፣ ከጠርዙ ፊት ለፊት ቦታ አገኘን። ፈርታለች፤ ከዚያ ጠርዝ የወደቀ ሰው አይነሣም። «አባትሽን እያየሽ ንገሪኝ፤ እኔ ማየት አልችልም» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከበሮው ጀመረ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ሁሉም ጠምጥመዋል፣ ሁሉም መቋሚያና ጸናጽል ይዘዋል፤ ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም። ከመካከል ጀምሬ ዳር እስከ ዳር ፈለግኩት። የሚያነክሰውን ፈለግኩ፤ የሚዘገየውን፣ ወደ ኋላ የሚለውን፣ የሚፈራውን። ሰልፉ ወዲህ ሲል ሁሉም ወዲህ፣ ወዲያ ሲል ሁሉም ወዲያ ነው። ከበሮው ፈጠነ፤ እነሱም ፈጠኑ። ደግሜ ፈለግኩት። ወድቆ ይሆናል አልኩ።

«እማዬ፣ አባባ የለም!» ብዬ አለቀስኩ። «ሁሉንም አየኋቸው፤ አንድም የሚያነክስ የለም!»

እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ጠርዙን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው።

«አጣሽው?» አለችኝ።

«አጣሁት!»

«እሰይ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «እሰይ፣ ልጄ! አጣሽው! እሰይ!»